የአራት ቅዳሜ እጅ

መብራት ኃይል ሰፈር፣ ከሞባይል ጥገናው በላይ፣
በእጅ መፈወስን በአራት ቅዳሜ ይማሩታል ወይ?
ተመዝግቤአለሁ። ባጃጄን ለጓደኛ ሰጥቼ፣
ቤንዚን የጠጣ እጄን በኦሞ ፈትጌ መጥቼ፣
ከዘጠኝ ሴቶችና ከአንድ ጡረተኛ መምህር መሐል
ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጉልበቴ ያፍራል።

አሰልጣኟ ወሰንየለሽ፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣
ሕፃን አስተኝታ ከበር እንደምትወጣ የቀለለ፣
«እጃችሁ ቧንቧ ነው» አለች፤ «ውሃው ግን የእናንተ አይደለም።
‹ውሃዬ ነው› ብሎ የኮራ ቧንቧ በዓለም የለም።»
እኔም በሆዴ፦ በእኛ ሰፈር ቧንቧ
በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም ቀጭን፣ እንደ እንባ።

ይህን ስትነግረን መብራቱ ድርግም አለ።
መብራት ኃይል ሰፈር፣ መብራት የለ፣ ኃይል የለ!
ጡረተኛው ሳቀ፤ ሴቶቹም ተከተሉ።
«እንዲያውም ጥሩ ነው» አለች፤ «ዓይኖች ካረፉ መዳፎች ያያሉ።»

መዳፍን ከመዳፍ ማቀራረብ፣ ማራቅ፤
በመሐል እንደ ኳስ የሚገፋ ነገር መጠበቅ።
«ሞቀ?» ትላለች። «ሞቀ!» ይላሉ በየተራ።
ሚያዝያ ነው፣ አዳማ ነው፤ ዝንቡም ጥላ ይሻማል ከሰው ጋራ!
እኔም ዋሸሁ። «ሞቀኝ» አልኩ፣ አንገቴን ሰብሬ።
እጄ ላይ የነበረው የመሪ ንዝረት ነው፣ ይዤው የመጣሁ አብሬ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጥንድ ጥንድ ሆንን በየምንጣፉ፤
እማማ ዲንቂቱ ደረሱኝ፤ ጫማቸውን አስተካክለው ጋደም አሉ ሊያርፉ።
ሕጉ ይህ ነው፦ እጅ ከአካል አራት ጣት ከፍ ይበል፤
ከራስ እስከ እግር ይሂድ እንደ ጥላ፣ ሳይነካ፣ ሳይቸኩል።
ግንባር፣ ጉሮሮ፣ ደረት… ትከሻቸው ላይ ስደርስ
ክንዴ ዛለ። ነካኋቸው። «ይቅርታ» ብዬ ልመልስ፣
«አይ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፤ «እዚያው ይሁን፣ እንዳታነሳው።
ቢሞቅም ባይሞቅም ግድ የለኝም፤ ክብደቱን ነው የፈለግኩት፣ ተወው።
ባሌ ካረፈ ሰባት ዓመት፤ የነካኝ ሰው ቢቆጠር
ታክሲ ውስጥ የገፋኝ ነው፤ ደም ግፊት ለኪዋ ስትቀር።»
ታች፣ ጠጋኙ አንዱን «ባትሪህ አብጧል» ሲለው ሰማሁ፤
እኔ እጄን እንደ አደራ ዕቃ ሳላንቀሳቅስ ቆየሁ።

በአራተኛው ሰርተፊኬት። ወርቃማ ጠርዝ፣ ማኅተም።
ስሜ ለሚ ነው፤ «ለማ» ብለውኛል፤ አልተከራከርኩም።
ወሰንየለሽ ጠጋ ብላ «አንተ» አለች «ሞቀኝ ስትል ትዋሻለህ።
እኔም ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ። እጅህን ብቻ አታንሣ፤ ትደርሳለህ።»
የት እንደምደርስ ግን
አልነገረችኝም።

አባዬ ግራ ጎኑ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈው፤
ኪኒኑን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ፤ የሐኪም ቀጠሮው ሐሙስ ነው።
ከእኔ ጋር በእጅ የተነጋገረው፣ ድሮ፣ በአርጩሜ ነበር፤
እኔም የምነካው ሳጥበው፣ ሳገላብጠው፣ እንደ ዕዳ፣ እንደ ግብር።

ማታ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ሳልታጠብ፣ ቤንዚን ሸትቼ።
በሞተው ክንዱ ላይ ጀመርኩ፣ እጄን አራት ጣት ከፍ አድርጌ ዘርግቼ።
ከዚያ ሦስት ጣት።
ሁለት።
አንድ።
ከዚያ ምንም።

«ምን ትሠራለህ?» አለ፣ ምላሱ እየከበደው።
«ኃይል ነው» አልኩት። «የምን ኃይል? ይኸው ጠፍቶ የለ!» አለ፤ እውነቱን ነው፤
ሻማችን ቁራጭ ነበረች።
በደህና እጁ እጄን ሸፈነ። «በረዶ!» ብሎ በግማሽ ፊቱ ሳቀ።
አሁን አልዋሽም። ያን ጊዜ፣ አዎ፣ ሞቀ።
ከማን ወደ ማን እንደፈሰሰ አልጠየቅኩም፤ ቧንቧው ማን እንደሆን።
መብራት መጣ፤ ሰፈሩ በአንድ አፍ ጮኸ፤ እኛ አልተነሣን።